ስጸልይበት የከረምኩት መልስ

ውድ ነህምያ፣

ይህን በቴሌግራም ጀምሬ ሦስቴ አጠፋሁት። ወረቀት ይሻላል፤ ወንድምህ መሐሪ ነገ ወዳንተ ጅማ ስለሚመጣ ይዞልህ ይመጣል።

ዛሬ ምን ሆነ መሰለህ! ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ያለው ገስት ሃውሳችን ውስጥ አብራኝ ከምትሠራው ከሀይሚ ጋር ተቀምጬ ለእንግዶች ኢሜይል እመልሳለሁ። እንደ ወትሮዬ መጨረሻው ላይ «ፕሊስ ዱ ኖት ሄዚቴት» ብዬ ጻፍኩ፤ የፈለጉትን ሳያመነቱ ይጠይቁን ለማለት ነው። ሀይሚ ለእንግሊዝኛ ፈተና እያጠናች ስለሆነ ቃሉን በደንብ አስረጂኝ አለችኝ። እኔ ደግሞ ማስረዳት ስወድ! ማመንታት ነው አልኳት፤ ኢምፔሪያል ጋ አስፋልት ሊሻገር አንድ እግሩን አውርዶ መልሶ እንደሚያወጣ ሰው። ልቡ ሳይፈልግ ለሚያቅማማም ይሆናል። ርቧት እያለ ብዪ ሲሏት ጠግቤያለሁ የምትል እንግዳስ ብላ ጠየቀችኝ። እሷማ መልሱን ታውቀዋለች፣ እየተግደረደረች ነው አልኳት።

ሀይሚ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ነህምያን ‹ልጸልይበት› ካልሽው መንፈቅ አለፈው። እያመነታሽ ነው ወይስ እየተግደረደርሽ?»

ፊቴ ጋለ። ነህምዬ፣ ያን ዕለት ቦሌ ሚካኤል ታክሲ ስንጠብቅ እንጋባ ስትለኝ መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሳትጸልይ እሺ ያለች ልጅ ለባል ቸኮለች እንደምትባል ታውቃለህ። አንድ ሳምንት ልቆይ ብዬ ጌታን ሰበብ አደረግኩት። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ መንፈቅ ሆነ፤ አንተ ደግመህ ለመጠየቅ አፈርክ፣ እኔም ለመናገር አፈርኩ። በጸሎቴማ ስለ አንተ ጠይቄ አላውቅም፤ አመሰግን ነበር እንጂ።

ባለፈው ስትደውል የጅማውን ሥራ ለሁለት ዓመት ለማራዘም ሰኞ እንደምትፈርም ነገርከኝ። «የሚያስቀረኝ ከሌለ» ብለህም ጨመርክ። እኔ ደግሞ ደህና ሁን ብዬ ስልኩን ዘጋሁት! ምን አፈዘዘኝ?

አትፈርም። እባክህ አትፈርም። ለአባቴ ነግሬዋለሁ፤ እኔ እኮ የተጣላችሁ መስሎኝ ነበር ብሎ ሳቀብኝ። ሽማግሌ ላክ። እንደ ወጉ ቤተሰቦቼ «እንምከርበትና ተመለሱ» ቢሏቸው እንዳትደነግጥ፣ እሱ መግደርደር ነው። የእኔን መልስ ግን ከአሁኑ እወቀው፦ እሺ። ያኔም እሺ ነበር።

ጸሎቷን የጨረሰችው፣
ሶሬቲ