በግማሽ የዳነ ራስ

አሰላ፣ ጥቅምት 1954 ዓ.ም.

ውድ እህቴ አሰፋች፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ባልሽ ኃይለየሱስ ትናንት አይቶኝ ሄዷልና ውሸቴን ይነግርሻል። ይህን ደብዳቤ የምልከውም በእሱው እጅ ነው። ጉዳዩን ጨርሶ ነገ ወደ አርቦዬ ሲመለስ ያደርስልሻል። መንገድ ላይ ከፍቶ ቢያነበው አልቀየመውም።

ከሰዓት በኋላ ነበር የመጣው። ያጠብኩትን ሱፍ አጥር ላይ ሳሰጣ ደረሰ። ለፍርድ ቤት ጉዳይ አሰላ መግባቱን ሰምቼ ነበር፤ ከቤቴ ይመጣል ብዬ ግን አልጠበቅሁም። እንደ ልማዱ ደጃፉ ላይ ቆመ። ግባ ብለው እቸኩላለሁ አለ። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣

«እትዬ አልጣሽ፣ ሙሉዬ ላይ ወጣባት» አለኝ።

«ምን ወጣባት?»

«ያው የእርስዎው ነው። ከጆሮዋ በላይ ጀመራት፤ አሁን ወደ ማጅራቷ ወርዷል። ትራሷ ላይ ይራገፋል።»

አጥሩን ይዤ ቆምኩ። እሱም መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። «ጓዳ አንጥፈንላት ለብቻዋ ትተኛለች። አሰፋች ታለቅሳለች። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም እትዬ። ግን የራሴም ልጆች አሉ።»

«ክፉ እንዳልሆንክ አውቃለሁ» አልኩት። ከልቤ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ልጄን ያበላና ያለበሰ ሰው ክፉ አይባልም።

ሊሄድ ዞር ካለ በኋላ ተመልሶ፣ «የሚገርመኝ ከማን ያዛት? እርስዎ ጭን ላይ እንኳ ተቀምጣ አታውቅም» አለ።

የተናገረውን እሱ ራሱ የሰማው አይመስለኝም። እኔ ግን ሰማሁት፤ ከሄደም በኋላ ቃሉ ከቤቴ አልወጣም። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። አባታችን ወንድ ሴት ሳይል ሁለታችንንም ፊደል ማስቆጠሩ ዛሬ ጠቀመኝ፤ ይህን ለሌላ ሰው ነግሬ ላስጽፍ አልችልም ነበር።

ያኔ የሆነውን አንቺም ታስታውሻለሽ። ሙሉዬን ከወለድኩ በኋላ ነው የጀመረኝ። መጀመሪያ ፎረፎር ነው አልን። ከዚያ ቅርፊቱ እየነጣ፣ እየወፈረ መጣ፤ ሳከው ይደማል፣ ሳበጥረው ትከሻዬ ላይ ይዘንባል። ቅቤውም ግራዋውም ጠበሉም ተሞከረ። የሙሉዬ አባት እናት ቆረቆር ነው ስትል ከረመችና አንድ ቀን ቁምጥና ነው አለች። በዚያው ሳምንት መኝታዬ ውጭ ወጣ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ በልጅቷ ላይ ሳይጋባ ትወሰድ ተባለ። አንቺ ገና አዲስ ሙሽራ ነበርሽ፤ በበቅሎ መጥተሽ ወሰድሽልኝ። እያለቀስሽ ነበር። እኔ አላለቀስኩም፤ ልጄን አተርፋለሁ ብዬ ነበርና።

በየዓመቱ ስመጣ ደጅ መደቡ ላይ ታነጥፊልኝ ነበር። እሷ በሩን ተደግፋ ታየኛለች። አንቺን እማዬ ትላለች፣ እኔን «የአሰላዋ» ነው የምትለኝ። አንድ ጊዜ የጠጣሁበትን ጣሳ ከጓሮ በአመድ ስታሺው አይቼሻለሁ። ያየሁሽ አልመሰለሽም። ምንም አልከፋኝም አሰፋች። እንዲያውም ደግ አደረገች ብዬ ነበር። እናንተ ያመናችሁትን እኔም አምኜ ነበርና።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ለባና ሠሪዎቹ የፈተልኩትን ሱፍ ላደርስ ገበያ ስወርድ፣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ራሱ ላይ ቅርፊት ያለበት ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ። ልጅ አይቀበልም፤ አዋቂ ብቻ ነው አሉ። ምን አጣለሁ ብዬ ሄድኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ወንዱም ሴቱም እንደተሸፋፈነ ነው። ጉደታ የሚባል ድሬሰር ወጣና በአማርኛም በኦሮምኛም «ሻሽም ቆብም ይውለቅ» አለ። የተንቀሳቀሰ የለም። ሁሉም ጎረቤቱን ይጠብቃል።

ከገበያው በላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠውን ሽኩርን ታውቂው ይሆናል፤ ያለ ቆብ ማንም አይቶት የማያውቀውን። መጀመሪያ ያወለቀ እሱ ነው። «እኔ ሱቅ የከፈትኩት ሰው ከባንኮኒው ወዲያ እንዲቆምልኝ ብዬ ነው» አለ። አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያ አወለቅን። ከፊቴ የነበረችውን ሴት ሳይ የገዛ ራሴን ከኋላ ያየሁ መሰለኝ። ያን ያህል ዓመት አንድ እኔን ብቻ የመረጠ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ጉደታ ነገሩን አልሸፈነብንም። «መድኃኒቱ አዲስ ነው» አለ። «የሚሠራ መሆኑን ገና ልናይ ነው። በራሳችሁ አንድ በኩል መድኃኒት፣ በሌላው በኩል ጨው ያለበት ውኃ ትወጋላችሁ። የቱ የት እንደሆነ ለእናንተም ለእኔም አይነገርም። የማይፈልግ ይሂድ፣ ማንም አይቆጣውም።»

«ግማሽ ራስ ቢድን ታዲያ ሚስቴ በየት በኩል ትተኛ?» አለ ሽኩር።

«የዳነው ሲለይ እነግራታለሁ» አለው ጉደታ።

መርፌው ቀጭን ነው። ግን አንድ ቦታ ወግቶ አያበቃም፤ ቅርፊቱ ባለበት ሁሉ ጎን ለጎን ይወጋል፤ ቀኙንም ግራውንም እኩል። የመጀመሪያ ቀን ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ከዚያ በኋላ መቻልም አላስፈለገኝ፣ ለመድሁት። ራሴ አብጦ፣ ጋሪ ነጂዎቹ እንዳያዩኝ በጓሮ መንገድ እመለስ ነበር።

ለፋሲካ ሲቃረብ ቀኙ መጥራት ጀመረ። በመጀመሪያ ማሳከኩን ተወ፣ ከዚያ ቅርፊቱ ረገፈ፣ ከዚያ ለስላሳ ቆዳ ወጣ፤ ቀጥሎ ፀጉር። ሱፍ እየፈተልኩ እጄ ሳላውቀው ወደዚያ ይሄድብኛል። ግራው ግን እንደነበረው ነው። ሐኪሙ ፎቶ አነሳኝ፤ ደስ ብሎታል። እኔም ደስ ብሎኝ ግራውንስ አልኩት ጉደታን።

«ገና ነው። አሁን ከነካነው ሙከራው ይበላሻል።»

«ራሱ እኮ የኔ ነው።»

«አውቃለሁ እትዬ። ግራው እንዳለ ካልቆየ ቀኙ በመድኃኒቱ እንደዳነ ማን ያምነናል?»

እውነት ነበረው። ሰው ግን በእውነት ብቻ አይታገስም፤ ስንቱን ቀን ግማሹን ራሴን በመስተዋት እያየሁ፣ ግማሹን በሻሽ እየሸፈንኩ ተናደድኩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሙከራው አለቀ። የቀረውን መድኃኒት ለሁላችን አካፍሎ ያልዳነውን ጎናችንን አንድ ጊዜ ወጋንና ሐኪሙ ለመሄድ ተነሳ። በመጨረሻው ቀን እኔ ሳልወጣ ቆየሁ። ጉደታን፣ «አንድ ነገር ጠይቅልኝ። በሽታው ልጄን ይይዛታል ወይ በለው» አልኩት።

ሐኪሙ የያዘውን አስቀምጦ ረጅም መልስ ሰጠ። ጉደታ እየተከተለ ነገረኝ። «በመንካት አይተላለፍም ይላል። በጣሳ፣ በትራስ፣ በማበጠሪያ፣ አብሮ በመተኛት አይተላለፍም። ቁምጥናም ቆረቆርም አይደለም።»

«እርግጠኛ ነው?»

«እርግጠኛ ነኝ ይላል።»

ሐኪሙ ሌላ ነገር ጨመረ። ጉደታ አልተረጎመውም። «ምን አለ?» አልኩት።

«በዘር ሊመጣ ይችላል ይላል፤ ከእናት፣ ከአያት። የሚመጣ ከሆነ ልጅቷ ሌላ አገር ብታድግም ይመጣባታል። የማይመጣ ከሆነ እቅፍዎ ውስጥ ብታድግም አይመጣባትም።»

አመስግኜ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ አልቻልኩም፤ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ሸክም ተሸክሞ ጭላሎን ከወጣ በኋላ የተላከው ቆላ እንደነበር የተነገረው ሰው ምን ይሰማዋል? እንደዚያ ነው የደከመኝ። እንኳን ለቁጣ፣ ተነስቶ ለመሄድም ጉልበት አጣሁ።

ያን ጊዜውኑ ለምን አልጻፍሽልኝም ትይኝ ይሆናል። ግራውም እስኪድን ጠብቄ በጠራ ራስ ልመጣ ፈልጌ ነበር። ቅርፊት ተሸክማ «አይጋባም» የምትል ሴት ማን ያምናታል? ዝናቡ ሲያባራ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ሻሼን ጥዬ እመጣለሁ ብዬ ቀን ስጠብቅ በሽታው ነሐሴ ላይ ተመለሰ። የተመለሰውም የዳነው ቀኙ ላይ ነው። ሽኩርም አንድ ጠዋት ቆቡን አድርጎ በደጄ ሲያልፍ አየሁትና ሳልጠይቀው ገባኝ። «ለጥቂት ወር ነፋስ ነካን አይደል?» አለኝና አለፈ። ጉደታን ስጠይቀው፣ መድኃኒቱ ያስታግሳል እንጂ ከሥሩ አይነቅልም፣ በሽታው ጠባዩ መሄድና መመለስ ነው አለኝ። ሌላ መድኃኒት ይመጣ እንደሆነ አያውቅም። በሐኪሙ አልፈርድም፤ እፈውሳችኋለሁ አላለንም ነበር።

እንግዲህ ለኃይለየሱስ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ከማን ያዛት? ከኔ። ከጭኔ ሳይሆን ከሆዴ። አንቺ በበቅሎ ይዘሻት ስትሄጂ አብሯት ሄዶ ነበር። ከኔም በፊት የነበረ ይመስለኛል። የአባታችንን እናት ሻሿን አውልቃ አይተናት እናውቃለን? ስትተኛም እንኳ አታወልቅም ነበር፤ ጨዋነት ይመስለን ነበር እኮ። ሐኪሙ ያለው እውነት ከሆነ፣ ሙሉዬን ጓዳ ማስተኛታችሁ ልጆችሽን ከምንም አያድናቸውም፤ የዚያችው አያት የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው። ይህን የምልሽ ላስፈራሽ አይደለም። አንድ ቀን ከእነሱ ባንዱ ላይ ብታዪው እሱንም ከቤት እንዳታወጪው ነው።

ዛሬ ጠዋት ጉደታ ዘንድ ሄጄ ነበር። ለልጅ የሚሆን መርፌ የለም አለኝ፤ ለአዋቂውም አልቋል። ቅርፊቱን በሞቀ ዘይት አለስልሱት፣ በጥፍር አትንቀሉት፣ እሷም አትቧጭረው፣ ፀሐይ ያግኛት አለ። ከእሱ ያገኘሁልሽ ይህን ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ መርፌ የተረፈኝ «አይጋባም» የምትል አንዲት ቃል ናት።

ቅዳሜ እህል የሚጭነው መኪና ላይ እሳፈራለሁ። ከምወርድበት ወዲያ ያለውን በእግሬ እመጣለሁ። ኃይለየሱስ ይህን ሁሉ ሰምቶም ከፈራ አልጣላውም፤ ፍርሃት በደብዳቤ አይለቅም። ሙሉዬን ይዣት እመለሳለሁ። ሱፉን ከጥግ አንስቼ መኝታዋን አዘጋጅቻለሁ። «ከአሰላዋ ጋር አልሄድም» ካለችም አልጎትታትም፤ እናቷ ማን እንደሆነች ለማወቅ እሷም ጊዜ ያስፈልጋታል። ግን በዚህኛው ጊዜ መደቡ ላይ አታንጥፊልኝ። እሷ አጠገብ፣ ጓዳም ከሆነ ጓዳ ውስጥ ነው የምተኛው። ሻሼንም ፊቷ አወልቃለሁ፤ በዓለም ላይ ብቻዋን እንዳልሆነች በዓይኗ ትይ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ፣ ኃይለየሱስን ሳትጠይቂ፣ ወደ ጓዳው ግቢ። ውኃ አሙቂና ራሷን እጠቢያት። ዘይቱን ቀቢያትና ጭንሽ መሐል አስቀምጠሽ ፀጉሯን ሥሪላት፤ ላላ አድርገሽ። እጅሽ ላይ ጨርቅ አትጠምጥሚ። ልታለቅስ ትችላለች። አሞኝ ነው ብትልሽም የምታለቅሰው ከሕመሙ አይመስለኝም፤ እነዚህን ሁሉ ቀናት የነካት ሰው የለም። አትተያት፤ እስከ መጨረሻው ሥሪላት።

ቅዳሜ እስክንገናኝ፣
እህትሽ አልጣሽ