አንድ ወንበር፣ ሁለት ታካሚ

ሰኞ፣ ኅዳር 2
ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። አራት ፎቅ በእግር… ቁጭ ሳልል ስልክ። የቀጠሮ ፕሮግራም የሠራንላት የጥርስ ክሊኒክ ሐኪም ናት።
«ታካሚ ደውሎ ቀጠሮ ሲሰርዝ ወንበሬ ባዶውን ይውላል። ተራ ጠባቂው ደግሞ ወር ሙሉ ጉንጩን ይዞ…»
እውነቷን ነው። ታካሚው ራሱ በድረ ገጽ ሲሰርዝ ለተረኛው መልእክት ይሄዳል። የክሊኒኩ ጸሐፊ ስትሰርዝለት ግን አይሄድም። ለምን?
ኮዱን ከፈትኩት። ጉድ! ሥራው በሙሉ ኮንትሮለሩ ውስጥ ታጭቋል። አምስት መቶ አስራ ሁለት መስመር። ለጸሐፊዋ ገጽ ያው ኮድ ተገልብጧል፤ ሲገለበጥ ተረኛውን የሚጠራው መስመር ተዘሏል። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ። ነቅዬ አወጣዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ኮዱን የጻፈው ባልደረባችን ጋሽ ቀስበሉ ነው። ስሙ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ «ቀስ በሉ» ስለሚል እኛ ያወጣንለት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ብቻውን ነበር የጻፈው።
«ስድስት ዓመት የሠራ ነገር አይነካም።»
«ለአንዱ እየሠራ ለሌላው አይሠራም እኮ ጋሼ!»
አለቃችን ግን ፈቀደች። «ከተበላሸ ወደ ድሮው እንመለሳለን። ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።» ይበላሻል እንዴ? በእኔ እጅ?
እራት ላይ ታላቅ እህቴ፣ «ኮንትሮለር ደግሞ ምንድን ነው?»
«የክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ በይው። ታካሚውን ይቀበላል፣ ወደ ሐኪሙ ይመራል፣ መልሱን ይነግረዋል። የእኛው ግን ጥርስም ይነቅላል!»
ሳቋ ትን አላት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4
ሠራሁት! ስሙ «ቀጠሮ ሰራዥ»። ለብቻው የቆመ ሰርቪስ ነው፤ ቀጠሮ ይሰርዛል፣ ተረኛውን ይጠራል። ሁለቱ ኮንትሮለሮች ጥያቄ ተቀብለው ለእሱ ይሰጣሉ፣ ያለውን ይመልሳሉ። በቃ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ አዋልኩት። እጄ ይባረክ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5
ምነው እጄን በቆረጠው።
ጠዋት ጸሐፊዋ ደወለች። «ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው ጠርታችሁብኛል!» ክሊኒኩ ሁለት መንገድ ማዶ ነው፤ ሮጥኩ። አንዲት መምህርት ክፍሏን ትታ መጥታለች። አንድ ሽማግሌ ቀኝ ጉንጫቸው አብጦ ተቀምጠዋል። መምህርቷ ቀድማ ገባች።
«ጥፋቱ የእኔ ነው አባቴ።»
«ተይው ልጄ። ያበጠው ጉንጬ ነው እንጂ ሆዴ አይደለም።»
ሐኪሟ የምሳ ሰዓቷን ሰጠቻቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።
ቢሮ ስመለስ ጋሽ ቀስበሉ ስክሪኔ ፊት ቆሟል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ… ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። «እቺ መስመር እዚህ ምን ትሠራለች?»
መጥሪያዋ! ወደ ሰርቪሱ ወስጃት ከድረ ገጹ ኮንትሮለር አላወጣኋትም። አንድ ስረዛ፣ ሁለት ጥሪ።
አለቃችን ወደ ድሮው ልትመልሰው ተነሳች።
«ቀስ በሉ» አላት። «መስመሯ ትውጣና እስከ ሰኞ እንየው።»
እሱ! ለእኔ!

ዓርብ፣ ኅዳር 6
መስመሯ ወጣች። ኮዱን የሚፈትሽ ቴስት ጻፍኩ፦ አንድ ስረዛ፣ አንድ መልእክት። ቀድሞ መጻፍ ነበረበት፤ ኩራቴ ነው ያስረሳኝ። የድረ ገጹ ኮንትሮለር አሁን አስራ አንድ መስመር ነው። ልጅም ያነበዋል።

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ከዓርብ ወዲህ ሰባት ስረዛ፤ አራቱ በድረ ገጽ፣ ሦስቱ በጸሐፊዋ በኩል። ሰባት ጥሪ፣ ሰባቱም ወንበር ሞላ። ሐኪሟ ደውላ ያለችው አንድ ቃል ነው፦ «ተመስገን!»
አለቃችን ለመመለሻ ያስቀመጥነው የድሮው ፋይል ይጥፋ አለች። ላጠፋው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ጋሽ ቀስበሉን ጠራሁት።
«አንተ ነህ እንጂ የምታጠፋው።»
ከላይ እስከ ታች አነበበው። አንዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ይሄን የጻፍኩት ልጄ በተወለደች ማግስት ነው። እንቅልፍ አልነበረኝም።»
አጠፋው። አምስት መቶ አስራ ሁለቱንም።
ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ቀጠሮ መያዣውም ያው በሽታ አለበት። እሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ። «እንዴት እንደምታወጪው አሳዪኝ።»