ወይራው ስር የቀበርኩት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ጠዋት ቆሎ፣ ከዚያ ያው የጣት ማፍታታት። ቀኝ እጄ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ጡረታ የወጣ የጦር ሐኪም እጅ ደግሞ ምን ሥራ አለበትና...

ቀትር ላይ ጎረቤቴ አሰጋሽ ወሬዋን ይዛ ከች አለች። አንድ እግሩ የሌለ ሽማግሌ ከአቀስታ በሚኒባስ መጥቶ፣ «ሐኪሙ ኮሎኔል ቤታቸው የት ነው?» እያለ መናኸሪያውን ሲያዳርስ አረፈደ አለችኝ። አራጋው ይባላል።

ሻዩ ከእጄ ፈሰሰ።

«ምነው ጋሼ፣ ሚስቱን ነጥቀውታል እንዴ?»

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
አልወጣሁም። ወረኢሉ ሄዷል በይልኝ አልኳት።

ሠላሳ ስምንት ዓመት! ጦር ግንባሩ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ አሥራ ሰባት ቁስለኛ፣ ሐኪሙ እኔ ብቻ። ደሙ እንዲቆም የአራጋውን ጭን በጨርቅ አንቄ አሰርኩ፣ ብርድ ልብስ አለበስኩት፣ ወደሚቀጥለው ዞርኩ። ጨርቁን በጊዜው ማላላቱን ረሳሁት። ስድስት ሰዓት ሙሉ። ስገልጠው እግሩ ጠቁሯል... ቆረጥኩት። መትረፍ የሚችል እግር ነበር። ለዚያ ቀን ሥራዬ ሜዳልያ ሸለሙኝ።

ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ታዲያ ማን ነገረው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
አንኳኳ። አልከፈትኩም። ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ ከአሰጋሽ ጋር ሲጫወት ሰማሁት። ነፍሴን ያተረፉ እሳቸው ናቸው ይላታል። ከስድብ ባሰብኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ከቅዳሴ ስመለስ ያዘኝ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ሊወድቅ ነበር፤ ደገፍኩት። አርጅቷል፣ መቃብሩንም መርጧል። የተቆረጠው እግሩ ከቀሪው ገላው ጋር እንዲያርፍ ይፈልጋል። አጥንቱ ከጠፋ አፈሩም ይበቃዋል።

«የት ነው የተቀበረው፣ ጌታዬ?»

አላውቅም ብል አለቀ።

«ከድንኳኑ ጀርባ፣ ወይራው ስር። እኔው ነኝ የቀበርኩት።»

ፊቱ በራ። ወዲያው ደግሞ ጨለመ።

«የጓዶቼ የተቆረጠ እጅና እግር በአንድ ጉድጓድ ተቃጠለ ሲባል ሰምቻለሁ። የኔን ብቻ ለምን?»

ነገርኩት። ጨርቁን፣ ብርድ ልብሱን፣ ስድስቱን ሰዓት። አልተሳደበም። ምርኩዙን አንስቶ ሄደ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ገና ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። አሰጋሽ ከአጥሩ ማዶ «አይክፈቱ!» ትላለች። ከፈትኩ። አራጋው ነው፣ አካፋ ይዞ።

«ተነስ። የቀበርከውን አንተው ታወጣለህ።»

አሁን ወደ ወይራው ለመሄድ የደሴው አውቶቡስ ውስጥ ነን። አጠገቤ ተቀምጧል። ሜዳልያው መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። አካፋውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ወይራው ተቆርጦ ቢሆንስ?