ካራቆሬን የወሰድኩባት ልጅ

ሰኞ

ስልኩን ካልሲ አልብሳ አፌ ላይ ደቀነችው። «በዚህ ይናገሩ አባባ» አለችኝ ሰሚራ። ካልሲው የማን ነው አልኳት። ታጥቧል አለች። ታጥቦ ከሆነ ይሄ የሚሸተኝ ምንድነው ብዬ አፍንጫዬን ያዝኩ። ሳቀች፤ የተቀረጸው ተበላሸ፤ እንደገና ጀመርን። ካልሲው የማራገቢያው ነፋስ ድምፄ ውስጥ እንዳይገባ ነው አሉ። ማራገቢያውን እናጥፋ ብንል ደግሞ በሸዋ ሮቢት ሙቀት የሚቀረጸው የእኔ ማለክለክ ብቻ ነው።

የልጅ ልጄ ሰሚራ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ተምራ መጥታ፣ አሁን የሦስተኛ ክፍል ልጆች ማንበብ የሚለማመዱበት የታብሌት ጨዋታ ትሠራለች። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ እሷም አትክድም። እንቆቅልሽ! እኔ እጠይቃለሁ፣ ልጁ ጽሑፉን በዓይኑ ይከተላል፣ መልሱን ፊደል እየለቀመ ይጽፋል። ካቃተው እንደ ደንቡ አገር ይሰጣል። የእኛ ቆላ ከነከተሞቹ ተስሏል፤ በየከተማው ስምና መብራት አለ። ልጁ የሰጠው ከተማ መብራቱ ይጠፋል። ያኔ የእኔ ድምፅ አገሩን ወርሶ ልጁን ይሰድበዋል።

ስድቡ ላይ ተጣላን።

«አባባ፣ ትንሽ አልበዛም?»

«ስድብ የሌለው እንቆቅልሽ ጨው የሌለው ወጥ ነው።»

«ልጆች ናቸው እኮ።»

«እኔንስ ሳይሰድቡ ያሳደጉኝ ይመስልሻል?»

በለስላሳ ቃል ልትተካው ስትል ሌላ ድምፅ ፈልጊ ብዬ ወጥቼ ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። እስክትመጣ ድረስ አኮረፍኩ። መጣች። አሸነፍኩ።

ሌላ ጣጣ፦ አማርኛችን ወንዱንም ሴቷንም ባንድ አፍ አይጠራም። ሁሉን ሁለት ጊዜ ቀረጽን፤ አንዴ «አገር ስጠኝ»፣ አንዴ «አገር ስጪኝ»። ልጁ ሲጀምር ወንድ ወይ ሴት መሆኑን ይነካል፣ እኔም በዚያው እጠራዋለሁ። የሴቶቹ ስድብ ይበልጥ አማረልኝ።

ማክሰኞ

ጀለቢያዬን ለብሼ ከሰሚራ ጋር በባጃጅ ወደ ትምህርት ቤት። መምህርቷ ኋላ ወንበር ሰጠችኝ። ልጆቹ ድምፄ ከታብሌቱ ሲወጣ ዞረው ያዩኛል፤ እኔ ከንፈሬን ገጥሜ ጣሪያ ጣሪያውን። አንዱ «ሽማግሌው ሳይናገር ይናገራል!» ብሎ ጮኸ።

አንዱ መልሱ አቅቶት ጀውሃ ከተማን ሰጠ። «ጀውሃ ገብቼ፣ ጥብስ አስጠብሼ በልቼ፣ ሒሳቡን ላንተ ትቼ!» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰሚራ ከዚያ ማዶ አየችኝ፤ ቅንድቤን ከፍ አደረግኩላት። ነግሬሽ ነበር ማለቴ ነው።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ልጅ፣ መልሱ ማሾ የሚባለው ያገራችን ጥራጥሬ የሆነው እንቆቅልሽ ላይ ቀረች። እንቆቅልሹ የራሴ ፈጠራ ነው፦ «ልጅ ሳለ አረንጓዴ፣ ሲያረጅ ጥቁር፣ ሆዱን ቢከፍቱት ያው አረንጓዴ።» (ሰሚራ ራስዎን ነው የገለጹት ብላኛለች።) ልጅቷ አላወቀችም። «አገር ስጪኝ» አልኳት በታብሌቱ። ጣቷ ካርታው ላይ ሲዞር ቆየና ካራቆሬን ነካች። መብራቱ ጠፋ።

«ካራቆሬ ገብቼ፣ ቤትሽን ከፍቼ፣ ባልጋሽ ተኝቼ፣ አንቺን ሜዳ ላይ ትቼ!»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እሷ ዞረች፤ ታብሌቱን ትታ እኔን አየችኝ።

«መቼ ነው የሚመልሱልኝ?»

ጨዋታው የደራልኝ መሰለኝ። ብድግ አልኩ። «የወሰድኩትን አልመልስም! ካራቆሬ ተመችታኛለች!» ይህን በገዛ አፌ ነው ያልኩት፤ ማንም አልቀረጸኝም።

አላለቀሰችም። ታብሌቱን በግንባሩ ደፋችና ሁለት እጇን ላዩ ላይ አደረገች።

ስንወጣ መምህርቷ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «ጋሽ ሙሄ፣ አላወቁም መሰለኝ። ሐያት ከካራቆሬ ነው የመጣችው። በዚያ ክፉ ጊዜ ቤታቸው ተቃጥሎ። እዚህ አክስቷ ዘንድ ናት። ማንበብም ገና አሁን አሁን ነው የጀመረችው።»

ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ረቡዕ

ሐያት ትምህርት ቤት አልመጣችም። ሰሚራ ነች የነገረችኝ፤ ከበር ሳትገባ፣ ጫማዋን እያወለቀች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ መልስ ነበረኝ።

ያዘጋጀኋቸው መልሶች፦ አላወቅኩም። ደንቡ ነው። ከጥንት የነበረ ነው። ማን ነገረኝ? ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም አያወጣኝም። ያኔ ከካራቆሬ መንገድ በእግራቸው የመጡትን እዚሁ በራችን ላይ ውሃ አጠጥተናል። ፍራሽ የተሸከመውን፣ ዶሮ ያቀፈችውን፣ ሁሉንም አይቻለሁ። ረስቼው አይደለም። ስድብ ሲያምርልኝ ጊዜ ሌላው ሁሉ ከጭንቅላቴ ይወጣል እንጂ።

ጎረቤቴ ሑሴን በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ «ሙሄ፣ ዛሬ አፍህን ማን ለጎመው?» አለኝ። ስድሳ ዓመት ሙሉ የተራረብነው ሰው ነው። አጎንብሼ ወደ ቤት ገባሁ። እሱም ደነገጠና፣ አመመህ እንዴ ብሎ ሎሚ ላከልኝ።

የቀረጽነውን ከፍቼ ሰማሁት። «ባልጋሽ ተኝቼ» የምለው ላይ ድምፄ ደስ ብሎታል። እሱ ነው የባሰብኝ።

ሐሙስ

ይቅርታ ልለማመድ ብዬ ማንጎው ሥር ብቻዬን ተናገርኩ። የጀመርኩት ሁሉ መጨረሻው ቀልድ ይሆናል። አፌ ሌላ መንገድ አያውቅም፤ እንደ በቅሎ ወደለመደው በረት ነው የሚሄድ።

ሰሚራ ከተሞቹን በሙሉ አወጣለሁ አለች። በምትካቸው ኮከብ ምናምን ታስገባለች።

«ልጅቷ የጠየቀችኝ አውጣልኝ ብላ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ብላ ነው?»

«መልስልኝ ነው ያለችኝ።»

 ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከማክሰኞ ወዲህ አጠገቤ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። በእንቆቅልሻችን የተሰጠ አገር ተሰጠ ነው፤ የሚመለስበት ደንብ የለም። እኔ እስከማውቀው ማንም መልስልኝ ብሎ አያውቅም። እንግዲህ እኛ ልናበጅለት ሆነ። ልጁ ሌላ እንቆቅልሽ ሲመልስ የሰጠውን አገር ይጠይቃል፣ እኔም እመልሳለሁ፣ መብራቱ ይበራል። ስድቡም አገር ገብቶ መብላት መጠጣት ይሁን፤ የሰው ቤት አይከፈት፣ ሰው ሜዳ ላይ አይተው። ይህን ያለችው ሰሚራ ናት። ሰኞም ብላው ነበር።

የመመለሻውን ቃል ለመቅረጽ ስንት ጊዜ ካልሲውን ፊት ለፊቴ እንዳቆመችው እንጃ። «አገርሽን መለስኩ፤ ቤትሽን ጠርጌ፣ አልጋሽን አንጥፌ፣ ቁልፉን ላንቺ አስረክቤ።» አስረክቤ የሚለው ላይ ቃሉን ሳልጨርስ እቆማለሁ። ማራገቢያው ነው አልኳት። አጠፋችው። ያው ሆነ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ከሰሚራ ጋር ወደ ሐያት አክስት ቤት ሄድን። አክስቷ እትዬ ዘይነባ ደጃፏ ላይ ሽንኩርት ትለቅማለች። ግቡ አለች፤ ውሃ አቀረበች፤ ስለ ታብሌቱ ምንም የሰማች አትመስልም። ልጅቷ አልነገረቻትም ማለት ነው። እኔ ብሆን አገር ምድሩን አዳርሼ ነበር።

ሐያት በመጋረጃው በኩል አንድ ዓይኗን አሳየችኝ። ተነሣሁ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋ።

«አፉ በይኝ ልጄ። ቤት ያልኩት... አጥፍቻለሁ።»

«ኧረ አባባ! ለልጅ?» አለች ዘይነባ፣ ሽንኩርቱን ትታ።

ሐያት ወጣች። «እንቆቅልሽ» አለችኝ።

«ምን አውቅልሽ።»

«ሲርበው ይቀላል፣ ሲጠግብ አረንጓዴ ይሆናል።»

«ቲማቲም!» አልኩ ወዲያው። ይህን ሁሉ ዘመን ቲማቲም ተክያለሁ።

«ቲማቲም ይርበዋል እንዴ?» አለች። ሰሚራ በነጠላዋ አፏን ያዘች። በርበሬ አልኩ። እስስት አልኩ። አቃተኝ።

«አገር ይስጡኝ።»

«ሸዋ ሮቢትን ወስደሻል።»

እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ሸዋ ሮቢት ገብቼ፣ ማንጎውን በልቼ፣ እርስዎን እንደ ማሾ በፀሐይ አስጥቼ!» ዘይነባ «ሱብሐነላህ! ሽማግሌ ይሰደባል?» ብላ ልትነሣ ስትል፣ ተያት አልኳት፣ ደንቡ ነው። መልሱም የስልክ ባትሪ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ አልኳት። ያን ሁሉ ከተማ ትተሽ ለምን ካራቆሬን ሰጠሽኝ?

«ማንበብ የቻልኩት እሱን ብቻ ነው» አለች።

 ሰሚራ ቶሎ ታብሌቱን አወጣችና የመመለሻውን ልታሰማት ከፈተች። ሐያት በእጇ ከለከለቻት።

«እዚህ አይደለም። ልጆቹ ባሉበት ነው የወሰዱብኝ። ሰኞ፣ ልጆቹ ባሉበት ይመልሱልኝ።»

«ሸዋ ሮቢትንስ?»

«እኔም ያኔ እመልሳለሁ።»

«ሰኞ ትመጪያለሽ ማለት ነው?»

ትከሻዋን ነቅንቃ መጋረጃው ውስጥ ገባች።

ስንመለስ የባጃጁ ልጅ «አባባ፣ ወዴት ልንዳ?» አለኝ። አገር የለኝም፣ እንዳሻህ አልኩት። ሰሚራ ሳቀች። እኔም ልስቅ ብዬ ነበር፤ የተናገርኩትን መልሼ ስሰማው ሳቁ ቀረ።

ቅዳሜና እሑድ መሀል ላይ አሉ። ባትመጣስ? ጀለቢያዬን ለማንኛውም አጥቤ አስጥቻለሁ። ይህን ስጽፍ ስልኬን አየሁት፤ ቀልቷል። ሰካሁት። ሸዋ ሮቢት ግን እስከ ሰኞ በሐያት እጅ ነው፣ እኔም ያለሁት በእሷ አገር ነው።