ለዮሪት የተጌጠው ጀልባ

ሂልከዬ፣

አምስተርዳም ቦዩ ዳር ከሥራ ባልደረባዬ ከዮሪት ጋር ቆመን ጥሬ ዓሣ በሽንኩርት እየበላን ነው። ዓምና ተፎካካሪያችን ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የቦይ ላይ ሰልፍ ጀልባ አስጊጦ ትልቁን ደንበኛችንን ነጠቀን፤ በዚያው ሳምንት አለቃችን ሩሎፍ ለሰልፈኞቹ ያለው ፍቅር ገነፈለ። ይኸው ዘንድሮ እኛም ጀልባ አለን። ደንበኞቹ፣ ሚስቶቻቸው፣ የሩሎፍ አማት ሳይቀሩ ተሳፍረዋል። በመሥሪያ ቤቱ ወንድ እንደሚያፈቅር የምናውቀው ዮሪትን ብቻ ነው፤ እሱን «ሞልቷል» አሉት።

አሁን ሩሎፍ ሮዝ ባርኔጣ ደፍቶ ሲያልፍ፣ «ዮሪት! ይሄ ሁሉ እኮ ላንተ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉልኛ!»

ሩሎፍ ፊቱን ወደ ፎቶ አንሺው አዞረ።

እናትሽን ሳሚልኝ። ፖስት ካርዱ ሞልቷል፤ እኔ ግን ጠጋ ጠጋ አድርጌ ጽፌ ለዮሪት ፊርማ ቦታ አትርፌያለሁ።

ፌምከ
ዮሪት