የደረጃው ተራ

ኤስሊንገን፣ ጀርመን፣ በመጋቢት

ውድ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ በረቱ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ዝም ብትዪኝም ዛሬ ለወቀሳ አልጻፍኩም፤ የምነግርሽ ነገር አለኝ።

የቤታችንን ደንብ ታውቂዋለሽ። የጽዳት ተራ ሰሌዳው በሩ ላይ የተሰቀለበት ሰው ሳምንቱን ሙሉ ደረጃውን ይጠርጋል፣ ይወለውላል፣ ቅዳሜ ለቀጣዩ በር ያስተላልፋል። አንቺ ከቀረሽ ወዲህ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ነርጊዝ የምትባል አፍጋኒስታናዊት ገብታለች። እኔም ተራዋ በደረሰ ቁጥር ሰሌዳውን በሯን አሳልፌ በጎረቤታችን በወይዘሮ ሄበርለ በር ላይ እሰቅል ነበር። እንግዳ ናት፣ ትረፍ ብዬ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ በደግነቴ ኮራ ብያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰሌዳውን ይዤ ስወጣ ነርጊዝ በሯን ከፍታ ጠበቀችኝና ከእጄ ተቀበለችኝ። «ተዪው ልጄ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ» ብላት፣ «እማማ፣ እንግድነት ስንት ዓመት ነው? እኔም እኮ በዚህ ደረጃ ጭቃ ይዤ እወጣለሁ» አለችኝ። ሰሌዳውን በሯ ላይ ሰቅላ፣ ባልዲዋን አምጥታ እዚያው ጀመረች።

ያቺ ወይዘሮ ሄበርለ መቼ ታርፋለች! ወጥታ መደገፊያውን በጣቷ ዳበሰችና፣ «ይሄ ነው ጽዳት? ጥጉን ማን ይጥረግልሽ?» ብላ ጮኸችባት። እኔ በሐፍረት መግቢያ ጠፋኝ። ነርጊዝ ግን እንደ ቤቱ ሰው ስለተቆጧት ፊቷ በራ። እየሳቀች ጥጉን ጠረገች።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ያን የገና ቀን አስታወስኩ። ባልሽ ሰሃን ሊያጥብ ሲነሳ ስፖንጁን ከእጁ ነጥቄ፣ «አንተ እንግዳ ነህ፣ ተቀመጥ» አልኩት። በተጋባችሁ በአሥራ አንደኛው ዓመት! አንቺ አልቅሰሽ ስትወጪ፣ በክብር የያዝኩትን ሰው ምን በደልኩት ብዬ ተቀየምኩሽ። ሰው ውጭ የሚቀረው በስድብ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ጥሩ ወንበር ላይ አስቀምጦም ውጭ ማስቀረት ይቻላል። በጣም አፈርኩ፣ ልጄ።

ለፋሲካ ኑልኝ። ለባልሽ ለኦርሃን እንዲህ በዪልኝ፦ ምግቡን እኔ እሠራለሁ፣ ሰሃን አጣቢው እሱ ነው። ድስቱን በደንብ ካልፈገፈገው ደግሞ እቆጣዋለሁ።

እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ፣ ልጆቹን ያሳድግላችሁ።

የሁለታችሁም እናት