«ለቅሶ ነው የምንሄደው»

ጊንጪ፣ ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመቲ እናት፣

የጌታ ሰላም አምቦ ካለሽበት ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ብርዱ እንዳይጠናብሽ እሰጋለሁ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም።

ስልክ ከማክሰኞ ቀትር ጀምሮ ስለተቋረጠ ይህን በሾፌሩ በዲንሳ እጅ ልኬልሻለሁ። እኔ ራሴ እንዳልመጣ፣ ከዚህ ብነሳ የሚመጣ ወሬ ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ልጃችን ከእኔ ዘንድ ወደ ሥራዋ ወደ እንጭኒ ስትመለስ፣ ታጣቂዎች የዲንሳን ሚኒባስ አስቆሙት። ዲንሳ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ፣ «ዛሬ ሁላችንም ለቀስተኞች ነን፤ ብቻ እንዳትስቁ!» አላቸው። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፤ ለቅሶ የሚሄድን ሰው የትኛውም ወገን አይነካም። አብረው የተሳፈሩት ጎረቤቴ እትዬ ሽታዬ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ።

መቲ ግን ደወለችልኝ። «አባዬ፣ የየትኞቹ እንደሆኑ አልለየሁም» አለችኝ። እንዴት ነው የቆሙት አልኳት። በመንገዱ ግራና ቀኝ ተራርቀው፣ አዛዣቸው ከኋላ፣ አለችኝ።

ታውቂያለሽ፣ አሥራ አንድ ዓመት ለመኮንኖች የጦርነት ንድፈ ሐሳብ አስተምሬያለሁ። ጦርነት የፖለቲካ መሣሪያ ነው፤ ዓላማ ስላለው ልክ አለው፤ ሕዝብ፣ ጦርና መንግሥት የየራሳቸው ቦታ አላቸው እያልኩ። አንቺ፣ «የአንተ ጦርነት ከጥቁር ሰሌዳ ወርዶ አያውቅም» እያልሽ ትቀልጂብኝ ነበር። እንደዚያ መቆም የሚያውቅ መደበኛ ጦር ነው፣ መደበኛ ጦር ደግሞ ወረቀት ያከብራል ብዬ አሰብኩ።

«አትዋሺ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ በያቸው፤ መታወቂያሽን አሳዪ» አልኳት።

እሷን ብቻ አወረዱ። ለቀስተኞቹ አለፉ።

የመንግሥት ጦር ካምፑ «እኛ አልያዝናትም» አለኝ። ወደ ጫካ የላክኋቸው ሽማግሌዎችም ያንኑ መልስ ይዘው ተመለሱ። ያስተማርኩት ሐሰት አይደለም፤ እነዚህም ዓላማ ይኖራቸዋል። ግን የማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚፈልጉ ሳላውቅ በምን ልለምናቸው? ወንድምሽ ኦቦ ሂርጳ ሰው ያውቃል፤ እባክሽ ዛሬውኑ ላኪው። ወዴት እንደሚሄድ ግን አንቺው ንገሪው። የእኔን ምክር አትጠይቂኝ።

ዲንሳ መታወቂያዋን መንገድ ዳር አግኝቶታል፤ ከደብዳቤው ጋር ነው። የአንገት ማንጠልጠያ ክሩን ሳላጥበው፣ ከነእድፉ ልኬልሻለሁ።

ዛሬ ጠዋት እነ እትዬ ሽታዬ፣ የዚያ ሚኒባስ ሰዎች በሙሉ፣ ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ መጡ። «ማን ሞተ ብላችሁ ነው?» ብዬ በሩ ላይ ቆምኩባቸው። አልፈውኝ ገብተው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። አሁንም አሉ።

ጌታ ጸሎትሽን ይስማ፤ ደጅሽን ይጠብቅ። ከዚህ በታች የተሰረዘች አንዲት መስመር አለች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ ጽፌ ነው የሰረዝኳት።

የመቲ አባት